የእንጆሪ ልጆች

የምሠራው ቀለም ቤት ነው። ደንበኛ የመጋረጃ ቁራጭ ይዞ መጥቶ «ልክ ይህን አድርጊልኝ» ሲለኝ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ቀላቅዬ አስረክበዋለሁ። ባልዲ ውስጥ ያልታዘዘልኝ ቀለም የለም። እባብ ላይ ስመጣ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አናቴን ከግድግዳ ጋር ሳጋጭ ኖርኩ።

የማረባው የዛፍ ቦአ የሚባለውን እባብ ነው። መርዝ የለውም። ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ይውላል፣ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል። ንክሻ ግን ነፍሱ ነው፤ እጄን ያየ ሁሉ ስንት ድመት እንዳለኝ ይጠይቀኛል። ቢጫው፣ ቡኒው፣ ዥጉርጉሩ በሽ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ከራስ እስከ ጅራት አንድ ወጥ ቀይ፣ ነጠብጣብ የሌለበት። እናቴ ቲነከ «የሰው ልጅ ባል ትፈልጋለች፣ የእኔዋ ቀይ እባብ» እያለች ለጎረቤት ትነግርብኛለች።

እንጆሪ የምትባል ሴት ነበረችኝ። ቀይ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ግን አመድ የተነሰነሰባት ትመስላለች። የሚያስፈልጋት ንጹሕ ቀይ ወንድ ነው። እሱን ፍለጋ ያልዞርኩበት ገበያ የለም።

በመስከረም የእባብና የእንሽላሊት ገበያ ላይ አገኘሁት። አዳራሹ ጥግ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ የመስታወት ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ እሱ። መስታወቱ ላይ ተለጠፍኩ።

«ስንት ነው?» አልኩ፤ ባለቤቱን እንኳ ሳላየው።

ቀና ብዬ አየሁ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የዝናብ ደመና የሚመስል ሰው ቆሟል።

«አይሸጥም» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ ገበያ ምን ሊሠራ መጣ?»

አሰበ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆሞ አሰበ።

«ሰው ሊያይ።»

«እሱ ነው ሰው የሚያየው ወይስ አንተ?»

ጆሮው ቀላ። ሁለቱም ጆሮው፣ እስከ ጫፉ። ቀለም ሠራተኛ ነኝና እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሳላይ አላልፍም። ስሜ ዮሪት ነው አለኝ። እኔም ፌና መሆኔን ነገርኩትና ያን ወንድ በውሰት እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

በእኛ በአርቢዎች ዘንድ ወንድ ይዋሳል። ልጆች ሲወለዱ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ ይጠበቅና ሁለቱ ባለቤቶች ጠረጴዛ ከበው በየተራ ይመርጣሉ። የምትቀድመው የእናቲቱ ባለቤት ናት። አንዱ ሌላውን በወሬ እንዳያታልል፣ ሲመረጥ አፍ አይከፈትም። ምርጫው ካለቀ ደግሞ አለቀ ነው፤ ቢቆጭህ ጣትህን ትነክሳለህ።

«እሺ» አለ ዮሪት፤ እኔ ቆሜ ልሸብት ስል። «ግን እሑድ እሑድ እየመጣሁ ላየው።»

«ለምን? እኔ እንዳልበላው?»

«እንዳይከፋው» አለ። ጆሮው እንደገና ቀላ።

እንዲህ ተጀመረ። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን በራችን ላይ ያስደግፋል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ለእናቴ የምትወደውን፣ ወራት የቆየ ደረቅ አይብ ይሰጣል፣ ከእኔ ጋር ጣሪያ ሥር ወዳለችው የእባብ ክፍል ይወጣል። ሁለት ወንበር አስጠግተን የመስታወት ሳጥኑ ፊት እንቀመጣለን። እንጆሪ በዚህ ቅርንጫፍ፣ ወንዱ በዚያ ቅርንጫፍ። ምላሱን ብቅ ያደርጋል፣ ይመልሳል። በቃ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ምንም የማይወስን በመሆኑ «ከንቲባው» ብዬ ስም አወጣሁለት።

ከወንዱ እባብና ከዮሪት የትኛው ይበልጥ እንዳናደደኝ እንጃ። ዮሪት የወንዙ ድልድይ ጠባቂ ነው፤ ጀልባ ሲመጣ ድልድዩን ያነሣል፣ ሲያልፍ ያወርዳል። ሌላ ጊዜ ይጠብቃል። መጠበቅ ሥራው ስለሆነ ሰውም እንደ እሱ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል፣ ስነጫነጭ።

«እነዚህ እኮ እንቁላል አይጥሉም!» እላለሁ።

ይስቃል። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይነቀነቃል። ያን ለማየት ስል ሳምንቱን ሙሉ ነገር ሳጠራቅም ራሴን ያዝኩት። ወይ ጉዴ! እባብ ላረባ ገብቼ እኔው ተነደፍኩ።

ኅዳር ላይ የእናቴ ልደት ደረሰ፤ እሑድ ቀን ዋለ። በእኛ አገር በልደት ቀን «እንኳን ደስ ያለሽ» የምትባለው ባለልደቷ ብቻ አይደለችም። እንግዳው ሁሉ ክብ ሠርተን የተቀመጥነውን አንድ በአንድ እየዞረ ይጨብጣል፤ ለእህት «በእህትሽ እንኳን ደስ ያለሽ»፣ ለልጅ «በእናትሽ እንኳን ደስ ያለሽ» ይላል። ዮሪት አይቡን ይዞ ብቅ ሲል ክቡ ሞልቷል። ዞረ፣ ሁሉንም ጨበጠ፣ አንዱንም አልሳተም።

አክስቴ ሄርማ ግን ምላሷ አርፎ አያውቅም። እጁን ሳትለቅ «አንተንስ ጎረምሳው፣ በማን እንኳን ደስ ያለህ እንበልህ? የቲነከ ምኗ ነህ? ወይስ የፌና ምኗ ነህ?» አለችው።

የኬክ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። በሆዴ እለምነዋለሁ፦ ጓደኛዋ ነኝ በል፤ እሱ ካቃተህ ወዳጇ በል፤ ከፈለግክ የድልድዩ ሰውዬ ነኝ በል፣ አንድ ነገር በል!

ዮሪት አሰበ።

«በእባቧ» አለ።

አክስቴ ሄርማ ሳቋ እንባዋን አወረደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤተሰባችን ስሙ «በእባቧ» ሆኖ ቀረ። እኔ ኩሽና ገብቼ ሳህኖቹን እንዲሰማ አድርጌ አጠብኳቸው። ዮሪት ተከትሎኝ መጣና ፎጣ አንሥቶ ያደርቅልኝ ጀመር። ፎጣውን ቀምቼ ልገርፈው ምንም አልቀረኝም።

በጥር አንድ እሑድ የነፋስ ማዕበል ተነሣ። ባቡር ቆመ፣ የጎረቤት ጣሪያ ሸክላ መንገድ ላይ ይሰባበራል። አርቢዎች ማዕበል ሲመጣ ቦአ ለመራባት ይነቃቃል ይላሉ፤ እኔ ግን ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። በዚያ ላይ ዛሬስ አይመጣም ብዬ ተኮራምቼ ተቀምጫለሁ። በሩ ተንኳኳ። ዮሪት ነው፤ ከራሱ እስከ ጫማው ውሃ ይንጠባጠባል።

«በዚህ ነፋስ በብስክሌት?»

«እሑድ ነው» አለ።

ወደ ላይ ወጣን። መስታወቱ ውስጥ በመርጫ ውሃ ረጨሁ። ከንቲባው አንገቱን አነሣ። ቀስ ብሎ ከቅርንጫፉ ወረደ፣ ወደ እንጆሪ ተሳበ፣ ጅራቱን ጅራቷ ላይ ጠመጠመ። ሳላስበው የዮሪትን እጅ ይዣለሁ፤ እሱም አጥብቆ ይዞኛል። ዞር ብዬ አየሁት። ያየኛል፤ መስታወቱን ሳይሆን እኔን። አፉን ከፈተ። ዛሬስ ተናገረ አልኩ።

«ሙቀቱን አንድ ዲግሪ ብንቀንሰው?» አለኝ።

እኔው ሳምኩት። እሱን ብጠብቅ እንጆሪ ወልዳ የልጅ ልጅ ባየች ነበር።

ከዚያ በኋላ ዮሪት የሚመጣው እሑድ እሑድ ብቻ አልነበረም። ጸደዩን በወንዙ ዳር በብስክሌት ስንዞር ከረምን፤ ድልድዩን ሲያነሣ ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ ለጀልባዎቹ እጄን አወዛውዛለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እወድሻለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። «ለአሁን እንዲህ ይሁን» እያልኩ ራሴን አባበልኩት።

ነሐሴ ላይ እንጆሪ አሥር ወለደች። አምስቱ ደማቅ ቀይ! አምስቱ ደግሞ ጭቃ የመሰሉ ቡኒ። ቀዮቹን አይቼ አለቀስኩ። የዛፍ ቦአ ሲወለድ የያዘው ቀለም አይታመንም፣ ሲያድግ ይለዋወጣል፤ ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እኔ ግን ሰባት ዓመት ቀይ ሲርበኝ ኖሮ ቀይ ሳይ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ተወ።

ቆዳቸውን ጣሉ። የምርጫው ቀን ኩሽናችን ጠረጴዛ ላይ አሥሩን በየሳጥናቸው ደረደርናቸው። እንደ ሕጉ አፋችንን ዘጋን። እኔ ቀዳሚ ነኝ፤ ከሁሉ የቀላውን አነሣሁ። የዮሪት ተራ ሆነ። አሥሩንም ዞሮ አያቸውና ትንሹን፣ ጭቃ የመሰለውን ቡኒ ወሰደ። ተሳስቶ ይሆናል አልኩ በሆዴ። እኔ ሌላ ቀይ አነሣሁ። እሱ ሌላ ቡኒ።

በሦስተኛው ቡኒ ደሜ ፈላ። በአርቢ ወግ ሆን ብሎ አተላውን ማንሣት ትርጉሙ አንድ ነው፦ የሴትሽ ልጆች ለእኔ ምኔም አይደሉም፣ ወይም ደግሞ አንቺ ምስኪን፣ ውሰጂ። ሁለቱም ስድብ ነው።

«ምን እያደረግክ ነው?» ሕጉን ጣስኩ።

ቡኒውን ወደ ራሱ አስጠጋ።

«ምጽዋት ነው? ለማኝ መሰልኩህ? እንደ ሰው ምረጥ!»

«ሲመረጥ አይወራም» አለ ቀስ ብሎ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ይህ ነው። «አንተ እኮ ለራስህ አንድ ነገር መፈለግ አትችልም! ከንቲባው እንኳ ካንተ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ በማዕበል ቀን ተንቀሳቅሷል!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ፤ መመለስ ግን አልወደድኩም። ዮሪት ምርጫውን ጨረሰ፤ አምስት ቡኒ። ከንቲባውን በጨርቅ ከረጢት አስገባ፣ ልጆቹን ደረቱ ላይ አቅፎ ደረጃውን ወረደ። በሩ ላይ ዞረ። አየኝ። ሄደ።

በዚያው ምሽት ቁጥሩን ስልኬ ላይ አገድኩት። ሥራ የምሄደው በእሱ ድልድይ ላይ ነው፤ አንገቴን ደፍቼ በብስክሌቴ እየጋለብኩ አልፈው ጀመር።

ታዲያ ቀዮቼ ከእኔ ጋር ቀሩ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ገና የብርዱ ወራት ሳይወጣ አንደኛው ሻይ የተደፋበት ካርቶን መሰለ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሙቀት ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ መብራት ለወጥኩ፣ ለመንኳቸው፣ ሰደብኳቸው። ጸደይ ሲገባ አምስቱም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቀለም ያዙ፤ እኔ ቀለም ሠራተኛዋ ስም ያጣሁለት ቀለም። ከዚያ በፊት፣ በኅዳሩ የእናቴ ልደት ላይ አክስቴ ሄርማ «በእባቧ የታለ?» አለች። ማንም አልሳቀም። እናቴ ኩሽና ድረስ ተከትላኝ መጥታ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ» አለችኝ።

«ስለ እባብ ነው የምታወሪው ስለ ሰው?»

«አንቺ ስለየትኛው ነው የምታለቅሺው?»

ያጠብኩትን ሳህን መልሼ ውሃው ውስጥ ከተትኩት።

መስከረም ሲመጣ ገበያ ሄድኩ፤ ከልማድ እንጂ ከተስፋ አይደለም። አዳራሹ ጥግ ሰው ተሰብስቧል። ተጋፍቼ ገባሁ። አምስት ሳጥን፣ አምስት ቦአ። ቀይ። ከራስ እስከ ጅራት አንድ ወጥ ቀይ። ከኋላቸው ዮሪት ቆሟል። ጭቃ የመሰሉት እነዚያ ናቸው!

«ታውቅ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። «ወንዱ ያንተ ነው! ዘሩ ሲወለድ ቡኒ፣ ሲያድግ ቀይ እንደሚሆን ታውቅ ነበር! እኔ ቀዩን ስሻማ አንተ በሆድህ ስትስቅብኝ ነበር!»

«አላውቅም ነበር።»

«ከንቲባው ሲወለድ ምን ይመስል ነበር? ንገረኝ!»

«አላየሁም። ካረጀ አጎቴ ትልቅ ሆኖ ነው የወሰድኩት። ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«ታዲያ ለምን ቡኒ ቡኒውን ለቀምክ?»

ይህኔ ዮሪት ተቆጣ። ዮሪት! ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ቦአዎቹ እንኳ ደነገጡ።

«ቀይ ነበር የምትፈልጊው! አንድ ቀይ ብወስድ ዕድሜ ልክሽን ቀዬን የወሰደብኝ እያልሽ ልታዪኝ ነው። እኔ ቀይ አልፈለግኩም። እሑድ መምጣት ነበር የፈለግኩት! ለራሴ ምንም መፈለግ አልችልም አልሽኝ። አንድ ነገር ፈልጌ ነበር፤ እሱን ነው ያበላሸሁት። ከዚያ እነዚህ በገዛ እጃቸው ቀሉ። ምን ላድርግ? ቡኒ ቀለም ልቀባቸው? ቀለም ቤት የምትሠሪው አንቺ ነሽ!»

ባንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከጎኑ እንሽላሊት የምትሸጥ ወፍራም ሴትዮ ክንዷን አጣጥፋ ሁለታችንንም ታያለች።

«ፌና ማለት አንቺ ነሽ? ዓመቱን ሙሉ በየገበያው ይዟቸው ይዞራል፤ ስንቱ ሊገዛው መጣ፣ አይሸጥም ይላል። ሰው ሊያዩ ነው የመጡት ይላል። እኔማ አእምሮው የተነካ መስሎኝ ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ።

«ስልኬን ዘጋሁብህ እሺ። መንገድ ላይ ለምን አላስቆምከኝም? በየቀኑ በድልድይህ አልፋለሁ!»

«አይሻለሁ» አለ፤ ድምፁ ወደ ቦታው ተመለሰ። «አንድ ቀን ድልድዩን አንሥቼ ላስቆምሽ ነበር። እጄን ማንሻው ላይ አድርጌ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«ጀልባ አልነበረም። ያለ ጀልባ አይነሣም።»

ምን ይባላል እንዲህ ያለ ሰው! ጠረጴዛውን ዞሬ ሄድኩና ሸሚዙ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩበት። እሱም ያዘኝ፤ ሳያስብ።

በዚያው ሳምንት ቀዮቹን ይዞ መጣ። የወደድሽውን ውሰጂ አለኝ። እምቢ አልኩ፤ ምርጫ ካለቀ አለቀ ነው። ሳጥኖቹ ግን የእኔው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ ከንቲባውም ወደ ድሮ ቅርንጫፉ ተመለሰ። የእሱ ናቸው፣ የእኔ ቤት ይኖራሉ። እኔ ካርቶን የመሰሉትን እመግባለሁ፣ እሱ ቀዮቹን። ሁሉም እኩል ይነክሱናል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለእባቦቹ ቀለብ፣ በማቀዝቀዣ በረዶ የሆነች አይጥ በሞቀ ውሃ እያቀለጥን ሳለ አላስችል አለኝ።

«ዮሪት፣ እንጋባ?»

አይጧን ከውሃው አወጣት፣ አገላበጣት፣ መልሶ ከተታት።

«ላስብበት» አለኝ።

ላስብበት! እኔን ነው ወይስ የድልድይ ጥገና ነው የሚያስብበት? መቆንጠጫውን ወርውሬ ወጣሁ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት። ይመጣል፣ አይብ ያመጣል፣ እባብ ይመግባል፣ ይስመኛል፣ ይሄዳል። አንድ ቃል የለም። ላልጠይቀው ምያለሁ፤ ከአንጀቴ ግን ጭስ ይወጣል። እናቴ እያየችኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ይህን ሰው መልሼ ባጣውስ? ቸኩዬ ዳግም አፈሰስኩት ይሆን?

የእናቴ ልደት ደረሰ። ወንበሮቹ ክብ ተሠሩ፣ ኬኩ ተቆረጠ፣ ዮሪት የለም። ረጅም መርከብ እያሳለፈ ነው ተባለ። አክስቴ ሄርማ ቀና ብላ በሩን ባየች ቁጥር እኔም አያለሁ።

በመጨረሻ ገባ። ሸሚዙን ተኩሷል፤ ፀጉሩን በውሃ ለጥፎታል። እንደ ደንቡ ዞረ። አክስቴ ሄርማን ጨበጣት፤ «በእህትዎ እንኳን ደስ ያለዎት።» እኔ ዘንድ ደረሰ፤ «በእናትሽ እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎኝ አለፈ። አለፈ! የያዝኩትን ሹካ ልወረውርበት ስል እናቴ ፊት ቆመ። እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«እንኳን አደረሰዎት» አላት። ትንፋሽ ወሰደ። «ደግሞም፣ በአማችዎ እንኳን ደስ ያለዎት።»

እናቴ እሱን አየች፣ እኔን አየች።

«በየትኛው አማቼ?» አለች። «ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፣ እሷም አላገባች።»

«ላስብበት ብያት ነበር» አለ ዮሪት። «አስቤ ጨረስኩ።»

አክስቴ ሄርማ ጮኸች። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም፤ እናቴ ስትነግረኝ «ሦስት ሳምንት ሙሉ!» ብዬ ሰድቤው ነው ያቀፍኩት። የማስታውሰው ጆሮውን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ቀይ ነበር፣ ነጠብጣብ የሌለበት።